የዓርብ ከሰዓት መስመር

ትውልዴ ቢቸና ነው፤ ሥራ የጀመርሁት ግን ሞጣ ነው። የስልክና የኢንተርኔት መስመር ቴክኒሻን ሆኜ ስመደብ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ያኔ የቤት ኢንተርኔት ለከተማዋ አዲስ ነገር ነበር። አንዳንድ ሆቴሎች፣ ጥቂት ነጋዴዎችና የመንግሥት ቢሮዎች አስገብተዋል እንጂ፣ በተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያቺን መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ሳጥን ማየት ብርቅ ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከገበያው ወጣ ብሎ፣ በአንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ግቢ ውስጥ ነው። መምህሩን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን እማማ። ጋሼ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት የዘለቁ ስለሆኑ ንግግራቸው ሁለት ፊት አለው፤ ሁለተኛው የሚገባህ ተሰናብተሃቸው መንገድ ከጀመርህ በኋላ ነው። እማማ ደግሞ ጆሯቸው አይሰማም። አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ማጅራት ገትር ይዟቸው ኖሮ፣ በሽታው ነፍሳቸውን ትቶ ጆሯቸውን ወስዶ ሄደ።

እማማ የሚሰሙት በዓይናቸው ነበር። የሰው ከንፈር አይተው ቃሉን ይለቅሙታል። በዚያ ግቢ የሚኖር ሰው ሁሉ ሳያስበው ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ መናገር ይለምዳል። ረስተህ ዞር ካልህ አገጭህን በሁለት ጣታቸው ይዘው ፊትህን ይመልሱታል። ቁጣ የለበትም፤ የተጣመመ ሥዕል እንደሚያቃና ሰው ነው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የእኔንም አገጭ ይዘውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ልጅ የሆንሁ ያህል ተሰማኝ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ዓባይን ተሻግራ፣ አዲስ አበባንም አልፋ፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የምትደውለው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ አሠሪዋ ዘመድ ጥየቃ የምትወጣበትና እሷ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻዋን የምትሆንበት ቀን እሱ ብቻ ስለሆነ። ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት በተራ ስልክ ነበር የሚያወሩት። ጋሼ ይሰማሉ፣ የሰሙትን ዞረው በከንፈራቸው ለእማማ ይደግሙላቸዋል፣ የእማማን መልስ ደግሞ ለልጅቱ ይናገራሉ። አንድ ዓርብ እማማ መታገሥ አቃታቸውና፣

«ልጄን የምሰማት በአንተ አፍ ነው፤ አንተ ደግሞ ግማሹን ትውጠዋለህ!» ብለው ጮኹ።

«መጥፎ መጥፎውን ነው የምውጠው» አሉ ጋሼ።

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው!»

ልጅቱ ይህን ሰምታ መሰለኝ፣ ወደ አገር በሚገባ ሰው ሰፊ መስታወት ያለው ስልክ ላከችላቸው። በሞጣ የሞባይል ኔትወርክ ግን ምስሉ አልሄድ አለ። የዚያን ጊዜ ጋሼ ወደ ክፍሌ መጥተው፣ «የቤት መስመር ማስገባት ፈልገን ነበር፤ አንተ የምታውቀው ነገር ስለሆነ» አሉኝ። ፎርሙን እኔው ሞላሁላቸው፣ ወረፋውንም እኔው ተከታተልሁ። ኬብሉን ከምሰሶው ስቤ፣ በጣሪያው ጠርዝ በኩል አስገብቼ፣ ሳጥኗን ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኋት።

መሥሪያ ቤታችን አንድ ወረቀት ነበረው፤ የአገልግሎት ጥራት መስፈርት የምንለው። መስመር ያስገባ ሠራተኛ የመስመሩን ጫጫታ፣ ማለትም ምልክቱን የሚያውከውን ነገር ይለካል፣ ፍጥነቱን ይለካል፣ ቁጭ ብሎ ለአምስት ደቂቃ ደውሎ ይሞክራል፣ ባለቤቱን ለምን እንደሚጠቀምበት ይጠይቃል። በመጨረሻም በኮምፒውተር ወደ ሳጥኗ ቅንብር ገብቶ ድምፅና ምስል ከሌላው ሁሉ በፊት እንዲያልፍ ያስተካክላል። ከታች ፊርማ አለው። አብዛኛዎቻችን ፊርማውን ብቻ ነበር የምናሟላው። ለእማማ ግን ሁሉንም አሟላሁ፤ ያን ቀን ንጹሕ ነበርሁ።

የመጀመሪያው ዓርብ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ልጅቱ ስልኩ ላይ ብቅ ስትል እማማ ስልኩን ወደ ብርሃን አዞሩ። ቀጥለው አመልካች ጣታቸውን በልጃቸው ከንፈር ላይ አደረጉና እዚያው ተዉት፤ ምስሉ ሲያወራ ጣታቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«ከስታለች» አሉ ለእኛ። «ደግሞ ጥርሷን አሳክማለች፤ አልነገርኸኝም።»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንተም ተጠቀምበት። መስመሩ የቤቱ ነው፤ አንተም የቤቱ ነህ» አሉኝ። ፓስወርዱን ያወጣሁት እኔ ብሆንም፣ ፈቃዱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

በዓመቱ ገደማ ከመሥሪያ ቤት አንድ ወሬ መጣ። ፈተና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያገኘ ቴክኒሻን ቢቸና የሚከፈተው የጥራት ቁጥጥር ቦታ ላይ ይመደባል ተባለ። እናቴ ቢቸና ብቻዋን ናት፤ ቦታውን ፈለግሁት። ትምህርቱ በኢንተርኔት በቪዲዮ የሚሰጥ ነበር። ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ ላፕቶፔን እከፍታለሁ፤ መስመሩ ግን ቀጭን ስለሆነ አስተማሪው አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ግማሹ ላይ ደርቆ ይቀራል።

ከትምህርቶቹ አንዱ በትክክል ስለዚህ ነገር ነበር። በቤት ሳጥን ውስጥ የሚያልፈው ሁሉ እኩል አይቸኩልም ይላል። ፋይል ቢዘገይ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይጎዳም፤ የሰው ድምፅና ፊት ግን ለአንድ አፍታ ከዘገየ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ቦኖ ውሃ ወረፋ ነው፤ እንስራ ይዞ የቆመው ሁሉ ተራውን ቢጠብቅም፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ቀድሞ ይቀዳል። ያንን የሚወስነው ሳጥኗ ውስጥ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው።

ለልምምድ ብዬ ወደ ጋሼ ሳጥን ገባሁ። ራሴ ያስተካከልሁትን ትእዛዝ አነሣሁና፣ የእኔን ላፕቶፕ አንደኛ አደረግሁት፤ የቀረውን ሁሉ «ዝቅተኛ» ከሚለው ላይ አኖርሁት። ለሙከራ ነው፣ እመልሰዋለሁ ብዬ። ወዲያው አስተማሪው ያለ አንዳች መቆራረጥ መናገር ጀመረ። ትምህርቱ እንደ ጅረት ውሃ ወረደልኝ። ነገ እመልሰዋለሁ አልሁ። ነገም መጣ፣ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋሼ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ መስመሩ ዛሬ አሞታል መሰለኝ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች።»

ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። የማወርደው ቪዲዮ ነበር። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እወጣለሁ» ብዬ በሩን ገርበብ አደረግሁና ማውረዱን አቆምሁት። እዚያው ላይ ተነሥቼ ይቅርታ ብል ነገሩ ባለቀ ነበር። እኔ ግን መሰላል ጠየቅሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ነገሩ ከመስመሩ የመጣ እንዲመስል ፈልጌ ይሆናል። ጋሼ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰውዬ፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውልኝ ጣሪያው ጠርዝ ድረስ ወጣሁ። ምንም ያልሆነውን ኬብል ነካካሁት፣ ማሰሪያውን አጠበቅሁት። ከውስጥ የእማማ ድምፅ ተሰማ፤

«መጣች! መጣች!»

«እጅህን ይባርከው» አሉኝ ጋሼ ከታች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓርቦች አንድ ዓይነት ናቸው። ምስሉ ይደርቃል፣ ጋሼ ይመጣሉ፣ እኔ ማውረዴን አቁሜ መሰላል ላይ እወጣለሁ፣ መስመሩ ይድናል። እማማ ሰፈሩን ሁሉ «የእኛ ልጅ እጁን ሲያስነካው ይድናል» እያሉ ያወሩልኝ ጀመር። ስወርድ በሳህን ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች ይዘው ይጠብቁኛል። እበላዋለሁ። በቤታቸው፣ በፊታቸው ቁጭ ብዬ እበላው ነበር።

በመካከሉ ጋሼ መምጣት አቆሙ። መስመሩ ተሽሎት አልነበረም። ለካ እማማ፣ «ልጁ ፈተናው ደርሷል፤ በዓርብ በዓርብ ጣሪያ ላይ አናውጣው፤ ነውር ነው» ብለዋቸው ኖሯል። ከጥናቴ እንዳልስተጓጎል እያሰቡልኝ ዝም ብለው ከደረቀው ምስል ጋር መታገል ያዙ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አለመጠራቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓርብ መጣ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የትምህርቱን ጠቅላላ ቪዲዮ በአንድ ላይ እያወረድሁ ነበር፤ ትልቅ ፋይል ነው። በግድግዳው በኩል የስልኩን ጥሪ ሰማሁ፤ እማማም ልጃቸውን በስሟ ሲጠሩ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጋሼ፣ «ቆዪ፣ ኬብሉን ላየው» ሲሉ ሰማሁ። ወጥተው በመስኮቴ ሥር መጡ። ያችን ለምስሉ መዳን ምክንያት ናት ብለው ያመኑባትን ኬብል በምርኩዛቸው ጫፍ ቀስ ብለው ሲያንቀሳቅሷት በመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። አንዴ ነቅነቅ አድርገው ቆም ይላሉ፣ ወደ ቤት ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ደግመው ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ላፕቶፑ ላይ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ባቆመው ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። እሳቸው ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ፋይሉ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ጥሪው ተቋርጧል፤ የልጅቱ ሰዓትም አልፏል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓርቦች ልጅቱ ከሰላምታ አላለፈችም፤ ያን ቀን ምን እንደተባለ የታወቀው ከወር በኋላ ነው። ልጅቱ በተራ ስልክ ለአባቷ ደወለች። ጋሼ ግቢው መካከል ቆመው ሲያወሩ እኔ ልብሴን እያጠብሁ ነበር። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዚያን ዓርብ ልጅቱ ውሌ አለቀ ብላለች። አሠሪዋ ለሁለት ዓመት አድሺ እያለቻት ነው። «ወገቤን ያመኛል፣ ደክሞኛል፣ መምጣት ነው የምፈልገው፤ ግን እናንተ ምን ትላላችሁ? ልቆይ ወይ?» ብላ ጠየቀች። አባቷ ውጭ ኬብል ይነቀንቃሉ። እናቷ ብቻቸውን ስልኩ ፊት ናቸው። እሳቸው ጋ የሚታየው የደረቀ ፊት ነው፤ ጣታቸውን ያኖሩበት ከንፈር አይንቀሳቀስም። ከቤት ወደ ውጭ የሚሄደው መንገድ ግን ክፍት ነበር፤ እኔ የያዝሁት ወደ ቤት የሚገባውን ነው። ስለዚህ ልጅቱ እናቷን ጥርት አድርጋ ታያቸዋለች። እማማ ደግሞ ልጃቸው እንዳትጨነቅ፣ ያልገባቸው ነገር ሲያጋጥማቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ፈገግ ብለው ራሳቸውን እሺ በሚል ነቀነቁላት። «ልቆይ ወይ?» ለሚለው መልሱ ያ ሆነ።

«እናቴ እሺ ካለች ብዬ ፈረምሁ» አለች ልጅቱ።

ጋሼ ገብተው ይህን በከንፈራቸው ለእማማ ሲነግሯቸው፣ ያኔ እንኳ አልዋጡትም። እማማ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«እኔ ነኝ! በገዛ አንገቴ! ልጄን በገዛ አንገቴ ሸጥኋት!»

አንዴ ፈርማለችና ከእንግዲህ አትቃጠል ብለው፣ ሳይገባቸው መነቅነቃቸውን ለልጅቱ እንዳይነግሯት ጋሼን አስማሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ እማማ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ። ውሃ ላምጣልዎት ቢባሉ፣ ዝናብ መጣ ቢባሉ፣ አፍጥጠው ያዩህና «አልገባኝም፣ ድገመው» ይላሉ። የገባቸውንም ያስደግማሉ።

እኔስ? ክፍሌ ገብቼ በላፕቶፔ የሳጥኗን ቅንብር ከፈትሁና ትእዛዙን እንደ ነበረው መለስሁት። ድምፅና ምስል አንደኛ፣ የእኔ ላፕቶፕ መጨረሻ። ሥራው አንድ ሲኒ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚፈጅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በአንድም ዓርብ ምስሉ አልደረቀም። ጋሼ፣ «ከመሥሪያ ቤት አስተካከሉት መሰለኝ» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ አስተካክለውታል» አልሁ።

ፈተናውን አለፍሁ። ቢቸና ስዛወር እማማ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ ፊቴን በጨርቅ ስጠርገው ነበር፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።

ቢቸና የተሰጠኝ ሥራ የቤት መስመሮችን ጥራት መቆጣጠርና አዳዲስ ቴክኒሻኖችን ማሠልጠን ነበር። ያን የምናውቀውን ወረቀት ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ። «ፋይል ይጠብቃል፣ ቃል አይጠብቅም» እላቸዋለሁ። አባባሉ ደስ ስላላቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። በሥራዬ የተመሰገንሁበት ዓመት ነበር። ሳይለካ የፈረመ ሠራተኛ ባገኘሁ ቁጥር ከሌላው አለቃ ይልቅ እኔ እበረታ ነበር። አንዱን ልጅ በሰው ፊት እስኪያለቅስ ተቆጥቼዋለሁ። ቤቴ ስገባ የተቆጣሁት ማንን እንደነበር አውቃለሁ።

እንዲህ ሆኜ ከዓመት በላይ ከቆየሁ በኋላ ጋሼ ለጉዳይ ቢቸና መጡ። ከቢሮ ወጣ ብለን አንድ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኋቸው። ስለ እማማ ስጠይቃቸው፣

«ጉልበቷን ታማለች» አሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ስግደት ነው። ያችን የነቀነቀቻትን አንገት እንደ ኃጢአት ቆጥራ ንስሐ ገባች። የንስሐ አባቷ ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ተዪው አሏት። እሷ ግን ዓርብ ሲመጣ ልጅቱ ደውላ እስክትጨርስ ጠብቃ ትሰግዳለች። አሁን አሁን ስትነሣ እጄን ትይዛለች።»

ጉርሻ ሊያጎርሱኝ ጠቅልለው ነበር። እጃቸው ወደ አፌ ሲመጣ ወደ ኋላ አልሁ።

«ጋሼ፣ አያጉርሱኝ» አልኋቸው። ከዚያ ነገርኋቸው። ከሙከራው ጀምሬ፣ መሰላሉን፣ በመጋረጃው ክፍተት ያየኋቸውን ሳይቀር። ጋሼ ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት።

«ስንት ዓርብ ነው መሰላል የያዝሁልህ?» አሉኝ።

ትሪው ላይ የተኛውን ጉርሻ አየሁ።

«እኔ አልቆጠርሁትም» አሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ባርኔጣቸውን አነሡ። «ለእኔ መንገር ቀላል ነው፤ እኔ እሰማለሁ። ለእሷ ንገራት። በእኔ አፍ አይደለም፤ በራስህ አፍ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞጣ ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ ያማሩ ቃላትም አግኝቼ ነበር። እማማ በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ «ልጄ መጣ!» ብለው ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ሮጬ ደገፍኋቸው። ጋሼ ወንበር አምጥተው መስኮቱ ፊት ለፊት አስቀመጡልኝ፤ ብርሃኑ አፌ ላይ እንዲወድቅ። ለካ ለማይሰማ ሰው ኃጢአትን መናዘዝ እንዲህ ነው። ድምፅህን ዝቅ ማድረግ አትችልም። ማጉረምረም አትችልም። አንገት መድፋት አትችልም።

አንገቴን ደፍቼ ጀመርሁ። እማማ አገጬን በሁለት ጣታቸው ቀና አደረጉት።

«መስመሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አልገባኝም፣ ድገመው።»

«የዓርቡን መስመር። ምስሉ የሚደርቀው በእኔ ምክንያት ነበር። የእኔ ይቅደም ብዬ የእናንተን ወደ ኋላ አደረግሁት።»

«መስመሩን የጠገንኸው አንተ ነህ» አሉ። ከንፈሬን ያነበቡበት ዓይናቸው ተሳስቶ እንደሆነ ወደ ጋሼ አዩ። ጋሼ አልረዷቸውም። መስኮቱን ይመለከታሉ።

«አልጠገንሁትም። አልተበላሸም ነበር። እኔ ነኝ የያዝሁት። ልጅዎ ልቆይ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ያን ቀን፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርሁ። ጋሼ ኬብሉን ሲነቀንቁ እሰማ ነበር። እርስዎ ሲጣሯት እሰማ ነበር። እየሰማሁ ዝም አልሁ። የእርስዎ አንገት አይደለም። እኔ ነኝ።»

ያመጣኋቸው ያማሩ ቃላት አንዱም አልወጣም። እማማ ዓይናቸውን ከአፌ ላይ ሳይነቅሉ ቆዩ። ከንፈራቸው የእኔን ቃል ሲደግም አየሁት።

«እየሰማህ?» አሉ።

«አዎ።»

«ጆሮ እያለህ?»

ይህን ሲሉ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ራሳቸው ጆሮ ሄደ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እሳቸው ፊታቸውን ካዞሩ ንግግሩ አለቀ ማለት ነው። ይቅርታ ያልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለነጠላቸው፣ ለጀርባቸው፣ ለግድግዳው ይቅርታ ስል ሰማሁት፤ የሰማነው ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ዞሬ ፊታቸው ልቆም ተነሣሁ፤ ጋሼ ግን ክንዴን ያዙኝ።

በሩ ድረስ ሸኙኝ። የእንጨቱን መዝጊያ እየከፈቱ፣ «አንገቷን ዛሬ አሳርፈኸዋል» አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ግን አልልህም።»

«ጋሼ፣ ልምጣ ወይ? አንዳንዴ…»

«ስትጠራ ና» አሉኝ። አልተጠራሁም።

ሞጣ የሚሠራ ባልደረባዬ እማማ ስግደቱን እንደተዉ ነገረኝ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለዚያ ለሚነግረኝ ሰው ለምን እንደምጠይቅ አልነገርሁትም። ለሠልጣኞቼም አልነገርሁም። ለእናቴም፣ ኋላ ላገባኋት ሚስቴም ለረጅም ጊዜ አልነገርሁም። ሚስቴ አንድ ቀን ቤታችን ያለውን ሳጥን ሳስተካክል አይታ፣ «ምነው ደጋግመህ የምትፈትሸው?» ስትለኝ፣ የሥራ ልማድ ነው ብያታለሁ።

ልጅቱ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ተመለሰች። ሞጣ ላይ የልብስ ሱቅ ከፈተች ሲባል ሰማሁ። ለሥራ ሞጣ ስላክ በሱቁ በኩል ላለማለፍ በመስጊዱ ጀርባ ያለውን ጠባብ መንገድ እይዝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሳላስበው ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋቸው። እናትና ልጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ልጅቱ በየጥቂቱ ቆም እያለች ፊቷን ወደ እናቷ ታዞርና ትናገራለች፤ እማማም ይስቃሉ። ወገቧን ይዛ ነበር የምትራመደው፤ ገና በሠላሳ ዓመቷ። ከአንድ የጨው ነጋዴ ጆንያ ኋላ ተጠግቼ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ነጋዴው፣ «ምን ልስጥዎት?» ሲለኝ ያልፈለግሁትን ጨው ገዛሁ።

ከዚያ ከወራት በኋላ ቢቸና ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ልብስ ለማከፋፈል ቢቸና መጥታ ኖሯል። ፊቷን ያወቅሁት ከስልኩ መስታወት ነው።

«እኛ ቤት ተከራይተህ የነበርኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

ተነሥቼ ቆምሁ። «አዎ» አልሁ። ተቀመጪ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ወገቧን ይዛ ስለቆመች እሱን ለማለት ራሱ አፈርሁ።

«እናቴ ነግራኛለች» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ እንድመጣ አልፈለገችም ብዬ ነው የኖርሁት። ስደውል እንኳ ቂም ይዤ ነበር የማወራት።»

ይህን አላውቅም ነበር። የሁለት ዓመቱን ድካም አስቤዋለሁ፣ የወገቡን ሕመም አስቤዋለሁ፤ በእናትና በልጅ መካከል ቂም ማስቀመጤን ግን አስቤው አላውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «ያን ዕለት ምን ነበር የምታወርደው?»

«ትምህርት» አልሁ። «የፈተና ትምህርት።»

«ስለ ምን?»

መዋሸት እችል ነበር። «ስለዚሁ» አልኋት። «በአንድ ቤት መስመር ላይ ምን መቅደም እንዳለበት።»

አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች።

«ታዲያ ገባህ?» አለችኝ።

መልሴን አልጠበቀችም። ከውጭ የሚጠብቃት መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ወጣች። እኔ እንደ ቆምሁ ነበር፤ አንድ ሠልጣኝ ወረቀት ሊያስፈርመኝ ገብቶ፣ «መምህር፣ ደህና ነዎት?» እስኪለኝ ድረስ።